ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የሚቀረው ዘፈን

በየበዓሉ ሰሞን በሬዲዮም በማኅበራዊ ሚዲያም የማይቀር ጥያቄ አለ፤ የምን ጊዜም ምርጥ አልበም የትኛው ነው፣ ከዛሬዎቹ ድምፃውያንስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚደመጠው ማን ነው የሚል። አብዛኛው መላሽ ወይ የጉርምስና ዘመኑን ካሴት ይጠራል፣ ወይ ዘፈኑ በዩትዩብ ስንት ሚሊዮን ጊዜ እንደታየ ይቆጥራል። ሁለቱም መልሶች ስለ መላሹና ስለ ዘመኑ እንጂ ስለ ሥራው ብዙ አይነግሩንም። እኔ አሁን የምመዝንበትን ሚዛን ያገኘሁት ባለፈው ጥር፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ በተደገሰ ሠርግ ላይ ነው።

ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ዲጄው በፍላሽ ያመጣውን ዘፈን እየለቀቀ ሳለ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ለወጉ ያህል የተጠራ አንድ አዝማሪ ከጓዳው በር አጠገብ ጠላውን ይዞ ተቀምጦ ነበርና ማሲንቆውን አነሣ፤ የደጋኑን ጭራ በዕጣን አሸት አሸት አደረገና «ምን ልበላችሁ?» አለ። የተጠየቀውን ሁሉ ግን መጫወት አልቻለም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ዳሱን ሲያናውጡ የነበሩ ሁለት የዘንድሮ ዘፈኖችን ሞክሮ አንድ ስንኝ እንኳ ሳይሞላ ተዋቸው፤ ከምታቸው በቀር የሚጨበጥ ነገር አልነበራቸውም። የይሁኔ በላይን ዜማ ሲያነሣ ግን አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ተቀበሉት። ቀጥሎ አንዲት ልጅ የጂጂን «ዓባይ» ጠየቀች፤ አዝማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጀምረው በዳሱ ውስጥ ይንቀሳቀስ የነበረው ጠላ ቀጂ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ዘፈን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ዘፈኑ የሚገኝበትና በድምፃዊቷ ስም የተሰየመው አልበም እ.ኤ.አ. በ2001 ለዓለም ገበያ የወጣ፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ያዘጋጀው፣ እነ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ የመሳሰሉ የጃዝ አንጋፋዎች የተሳተፉበት ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ስም የተደረደረበት አልበም ከስሞቹ ጋር አብሮ ያረጃል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነበር። ነገር ግን ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ከካህን የሰማችውን ዜማ፣ የእረኛውን ዋሽንትና የገበሬውን እንጉርጉሮ ይዛ ስቱዲዮ ገባች እንጂ ስቱዲዮ ገብታ ዜማ አልፈለገችም። ቅንብሩን ሁሉ ገፍፈን ብናወርደው፣ ከአንዲት ገመድ በላይ በሌላት ማሲንቆ ላይ የሚቆም አካል ይቀራል። በእኔ ግምት ካለፉት ሠላሳ ዓመታት አልበሞች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህንኑ የምመርጠው ስለዚህ ነው። የአገሬ ልጅ ስለሆነች አድልቼ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢ ይህን ከግምት ያስገባልኝ።

ጎጃም ውስጥ ለዚህ ሐሳብ የቀረበ ሌላ ምሳሌ አለ። በዋሸራም ሆነ በዲማ ቅኔ ቤት፣ ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ ተደግሞ አይቀርብም፤ ባለቅኔው በየጊዜው አዲስ እንዲያመጣ ይጠበቃል። በዚህ ደንብ ከሄድን ከጥንት ሊቃውንት አንድም ቅኔ ባልደረሰን ነበር። የደረሰን ተማሪው ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ ስለያዘው ነው። ደራሲው ከሥራው ላይ እጁን ካነሣ በኋላ ሥራው የሚኖረው ሌላ ሰው ሊሸከመው ሲችልና ሊሸከመው ሲወድ ነው። ዘፈንም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም።

በዚህ ሚዛን የጥላሁን ገሠሠ ነገር ክርክር አያስፈልገውም። አልበም ለሚቆጥሩ ግን ያስቸግራል፤ ዝናው የተገነባው በመድረክ፣ በሬዲዮና በግራና በቀኝ አንዳንድ ዘፈን በሚይዙት ሸክላዎች በመሆኑ «ምርጡ አልበሙ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሌሎች በኋላ የሰበሰቡለት ነው። በ2001 ዓ.ም. ካረፈም ወዲህ ወጣት ድምፃውያን መድረክ ላይ ጉሮሯቸውን የሚፈትሹት በእሱ ዘፈኖች ነው። የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አበባ ውስጥ በካይፋ ሙዚቃ አሳታሚ ታትሞ፣ ከ11 ዓመት በኋላ ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ወጣ፤ አማርኛ የማይሰማ አድማጭ የወደደው ግጥሙን ሳይሆን ዜማውንና የድምፁን አወራረድ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሚዛኔ እንዳይኮራ የሚያደርገው ግን የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች አሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርዶችን ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀረጸ። ቃል የለበትም፤ ጉሮሮ የሚቀበለው አዝማች የለበትም። ሰውየው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲያሽከረክር ዓመታት አለፉ። ካሴቱን እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ለዓለም ያበቃው አሜሪካዊው አሳታሚ ያገኘው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከአሮጌ ካሴቶች መካከል ነው። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። በዚያ ሠርግ ላይ ይህን ካሴት የሚጠይቅ አልነበረም፤ አዝማሪውም ባልቻለው ነበር። ስለዚህ አልበም የሚኖርበት ሁለተኛ መንገድ አለ ማለት ነው፤ ባለሱቁ ሳይጥለው መቅረቱ። መጀመሪያ ሳስበው ይህ ዕድል እንጂ ጥራት አይደለም ብዬ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ክምር ውስጥ በመቶዎች ከሚቆጠሩት መካከል የሰውየውን ጆሮ የያዘው እሱ መሆኑን ሳስብ እጠራጠራለሁ።

ከዘመናችን ስለ ቴዲ አፍሮ ያለኝ አስተያየት ብዙዎችን ላያስደስት ይችላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው «ጥቁር ሰው» ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ታሪክን የሚተርኩት ዘፈኖቹ ከወጡበት ጊዜ ክርክር ጋር የታሰሩ በመሆናቸው ለልጅ ልጆቻችን ማብራሪያ ሳያስፈልጋቸው አይቀርም። ማብራሪያ የማይሹት የፍቅር ዘፈኖቹ ናቸው። በ2009ኙ «ኢትዮጵያ» ውስጥ ያለው፣ የሐዲስ ዓለማየሁን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን መነሻ ያደረገው «ማር እስከ ጧፍ»፣ ልብ ወለዱን ያላነበበ የገጠር ጎረምሳ ሳይቀር ሲያንጎራጉረው ሰምቻለሁ። ሮፍናን በ2010 ባወጣው «ነጸብራቅ» የባህል ዜማን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ሲያዋህድ ዜማውን አልገደለውም፤ እሱንም ከሚቀሩት እቆጥረዋለሁ። ነጠላ ዜማ በየሳምንቱ እየለቀቁ ወደሚቀጥለው የሚሮጡት ግን አንድ ነገር እያጡ ነው፤ በአልበም ውስጥ ማንም ያላስተዋወቀው ስድስተኛው ዘፈን ከዓመታት በኋላ ዋናውን ቀድሞ ይገኝ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በልጅነታችን ሙዚቃ ቤት የነበሩት ሱቆች ዛሬ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣሉ። ባለፈው ወር አንዱን ባለሱቅ የድሮ ካሴቶቹን የት እንዳደረሳቸው ጠየቅሁት። ከባንኮኒው ሥር አቧራ የለበሰ ካርቶን ጎትቶ አወጣና «ከፈለግህ ውሰዳቸው፤ ቦታ ነው የያዙብኝ» አለኝ። አሥራ አንዱን ይዤ ወጣሁ። ከመካከላቸው አንዱ ሽፋንም ጽሑፍም የለውም፤ ክሩ ግን አልተበጠሰም። የሚያጫውት ቴፕ ያለው ሰው እየፈለግሁ ነው።