«ማንም አያነበውም» የሚለው ሰበብ

አባል የሆንኩበት አንድ ማኅበር ሰሞኑን ድረ ገጹን ሲያድስ፣ በየገጹ ግርጌ የነበረውን የግላዊነት ፖሊሲ (የሰዎችን መረጃ ለምን እንደሚሰበስብና ምን እንደሚያደርግበት የሚናገረው ጽሑፍ) ሊንክ አንስቶ «ስለ እኛ» በሚለው ገጽ መጨረሻ ላይ ወሽቆታል። ምክንያቱን ስንጠይቅ ሥራውን የመሩት ባለሙያ «ማንም አያነበውም፤ ገጹንም ያጨናንቃል» ሲሉ መለሱልን።

ማንም እንደማያነበው በምን አወቁ? ጎብኚዎች የትኛውን ሊንክ እንደሚጫኑ በመከታተል ከሆነ፣ ፖሊሲው ፊት ለፊት መታየት ያለበት በዚሁ ክትትል ምክንያት ነው። በግምት ከሆነ ደግሞ በግምት የሰው መብት አይነሣም።

ሲሆንስ ባይነበብ ምን ይሆናል? የቤት ኪራይ ውል ከተፈረመ በኋላ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጠብ በተነሣ ቀን ግን ተፈልጎ ይወጣል። የግላዊነት ፖሊሲም ማኅበሩ ስልክ ቁጥሬን ለምን እንደወሰደ፣ ለማን እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደሚያጠፋው በጽሑፍ የገባልኝ ቃል ነው። ከማላውቀው ሻጭ መልእክት ሲጎርፍብኝ «በዚህ አልተስማማንም» ብዬ የምሟገተው ያንን ጽሑፍ ይዤ ነው። ሺህ ሰው ሳይከፍተው ቢያልፍና አንድ ተበዳይ ቢከፍተው ሥራውን ሠርቷል። ቃሉን የሚጽፈው ወገንም ከመጻፉ በፊት ምን እንደሚሰበስብ ቁጭ ብሎ መቁጠር ግድ ይሆንበታል፤ ብዙዎች የማያስፈልጋቸውን መረጃ ሲያከማቹ እንደኖሩ የሚገባቸው ያኔ ነው። የተደበቀ ቃል ግን ይህን ሁሉ ኃይሉን ያጣል።

ፖሊሲዎች ረዣዥምና አሰልቺ መሆናቸውን አልክድም። መድኃኒቱ አሳጥሮ መጻፍ እንጂ መደበቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 12 ማብራሪያው ግልጽ በሆነ ቋንቋ እንዲጻፍና በቀላሉ እንዲገኝ፣ በአንቀጽ 13 ደግሞ መረጃው በሚወሰድበት ሰዓት እንዲቀርብ ያዛል። በማኅበራችን አዲስ የምዝገባ ቅጽ ላይ ሙሉ ስም፣ ስልክና የልደት ቀን ይጠየቃሉ፤ ሦስቱም ቀይ ኮከብ ስላለባቸው ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም። ከእነሱ በታችና «ይመዝገቡ» ከሚለው ቁልፍ በላይ አንድ መስመር የሚበቃው ባዶ ቦታ አለ። የሊንኩ ቦታ እዚያ ነው።

ያጨናንቃል የሚለውማ ጨርሶ አያስኬድም። የካሊፎርኒያ ሕግ ድረ ገጾች ፖሊሲያቸውን በግልጽ እንዲያሳዩ ካስገደደ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ጉግል እጅግ በሚሳሳለት የፊት ገጹ ላይ «ግላዊነት» የሚል ሊንክ አስገብቷል። መሥራቾቹ አንድ ቃል ካልወጣ ሌላ አይገባም በማለታቸው፣ የገጹ ቃላት ከ28 እንዳይበልጡ ከቅጂ መብት መስመሩ ላይ የተነሣው የድርጅቱ የራሱ ስም ነበር። የእኛ ማኅበር የፊት ገጽ ግን ሦስት ተንሸራታች ፎቶግራፎች ተሸክሞ ለአንዲት ቃል ቦታ አጣ ተብሏል።

ሊንኩ ወደ ግርጌው ይመለስ፣ በቅጹም ላይ ይጨመር። እስከዚያው የልደት ቀኔን አልሞላም።