መርዶ በፌስቡክ?

አባባ ያረፈው ማታ ነው። ታናሽ እህቴ የምትሠራው ሐረር ነው። ሌሊቱን የእድሩ ሽማግሌዎች ከድሬዳዋ ተነስተው፣ ጎህ ሲቀድ ቤቷ ሊያረዷት ተስማማን። ወጉ እንደዛ ነው። መርዶ ለሰው የሚነገረው በማለዳ፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ሆኖ ነው።

አንድ ዘመዳችን ግን አላስቻለውም። የአባባን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። «ነፍስ ይማር» ብሎ! ምን አስቸኮለው? ማንን ሊቀድም ነው?

እህቴ ብቻዋን አየችው። በዚያች የኪራይ ክፍል ብቻዋን ስትጮህ አደረች። ከሽማግሌዎቹ ጋር ስንደርስ ድምጿ ተዘግቶ፣ በሩ ሥር ተቀምጣ አገኘናት። ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ የደንገጎን ተራራ ቁልቁል እስክንወርድ አንዲት ቃል አልወጣትም፤ እኔ ነበርኩ የያዝኳት።

ድንኳን ውስጥም ያው ነው። ሰው ገና ሳይቀመጥ «ምን ነክቶት ነው?» ይላል። ስንቴ እንናገረው? በዚያ ሙቀት፣ ለእያንዳንዱ ከሀ እስከ ፐ!

ሙስሊሟ ጎረቤታችን ብቻ ምንም አልጠየቀችም። ቡናውን አፍልታ መጣች። የእህቴን እጅ ይዛ እስኪመሽ ዝም ብላ ተቀመጠች። እህቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እህል የቀመሰችው ከእሷ እጅ ነው።