ማስተካከያ፦ ጃክ ግላድስተን የባለርስቱ ልጅ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1823 በዴሜራራ፣ በዛሬዋ ጉያና፣ የባሮቹን አመፅ ከመሩት አንዱ የሆነው ጃክ ግላድስተን፣ የእርሻው ባለቤት የጆን ግላድስተን ልጅ ነው ሲባል ይሰማል። ልክ አይደለም።

የጃክ አባት ኳሚና ነው። ‘ሰክሰስ’ በተባለው የሸንኮራ እርሻ በባርነት የሚሠራ አናጢ፣ የጸሎት ቤቱም ዲያቆን ነበር። ጃክ ደግሞ በርሜል ሠሪ። ግላድስተን የጌታቸው ስም ነው፤ ዝምድናን አያሳይም። የዘር ሐረግ የምትቆጥሩ ሰዎች፣ እባካችሁ በስም ብቻ አትፍረዱ። የባሮቹን መዝገብም እዩ።

ጆን ሊቨርፑል ተቀምጦ የሚነግድ ስኮትላንዳዊ ነበር። የእሱ ልጅ በኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዊሊያም ነው። ባርነት ሲቀር ጆን ከ100,000 ፓውንድ በላይ ካሳ ወሰደ። ኳሚናን ግን ከአመፁ በኋላ በጥይት ገድለው፣ ሬሳውን እዚያው እርሻ ፊት ለፊት በሰንሰለት ሰቅለውታል። ልጁ ጃክ ወደ ካሪቢያኗ ደሴት ሴንት ሉሲያ ተጋዘ።