ምስክር ሲጠራ የት ነበራችሁ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ ነው የምቆጣው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ያለፈው ክረምት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ካፊያ እየጣለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አደባባይ አጠገብ የታክሲ ሰልፍ ይዤያለሁ። አንድ ሚኒባስ መቆም የማይገባው ቦታ ላይ ቆሞ ሰው ይጭናል። ፖሊስ መጣ። ትራፊክ አይደለም፣ መደበኛ ፖሊስ ነው።

«ንዳ!» አለው።

«አንድ ሰው ብቻ ይግባ።»

«ንዳ ብዬሃለሁ እኮ!»

እንዲህ እንዲህ ሲባባሉ ሹፌሩ የፖሊሱን እናት አንስቶ ተሳደበ። እዚህ ልደግመው አልችልም። ፖሊሱ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ በጥፊ አጮለው። ሳይበቃው በሩን ከፍቶ ጎትቶ አወረደው፤ መሬት ላይ ሲወድቅ ጎኑን በእርግጫ ደገመው።

ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ስልክ ወጣ። «ቅረጸው! ቅረጸው!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ይመጣል። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት «ኧረ በማርያም! የሰው ልጅ ነው!» እያሉ መሀል ገቡ። ከአርባ አናንስም ነበር። መሀል የገቡት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌሎቻችን እንቀርጻለን።

ማታውኑ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። ሰላሳ ሰከንድ አይሞላም። ጥፊው አለ፣ እርግጫው አለ፣ ስድቡ የለም። ከጀርባው ሙዚቃ ገብቶበታል። አንዱ «ይሰቀል» ይላል፣ ሌላው «ቤቱን አሳዩን»። እኔን ያሳፈረኝ ግን ስንቱ የፖሊሱን ዘር እንደጠየቀ ነው። ስሙን አይደለም። ማዕረጉን፣ የተመደበበትን ጣቢያ አይደለም። ዘሩን! አንዱ «ከነእንትና ነው» ሲል ሌላው «የለም ከእናንተ ነው» ሲል፣ የተመታው ሰው ተረሳና እኛው ተቧቀስን። እፈሩ! ሹፌሩ ጉንጭ ላይ የቀረው የአምስት ጣት ምልክት ነው። ብሔር አልተጻፈበትም።

በሦስተኛው ቀን ፖሊሱ ታገደ ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ «እሰይ!» አለ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ጉዳያችን ተበተንን።

እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። «ታገደ» ሲባል ተቀጣ ይመስለናል። እገዳ ቅጣት አይደለም። ጉዳዩ እስኪጣራ ገለል በል ማለት ነው። ቅጣት የሚመጣው የዲሲፕሊን ክስ ተጽፎ፣ ፖሊሱ መልስ ሰጥቶ፣ ማስረጃው ታይቶ፣ ምስክር ተሰምቶ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ማስጠንቀቂያ፣ የደመወዝ ቅጣት፣ ከማዕረግ ዝቅ ማድረግ ወይም ስንብት የሚመጣው። ፖሊሱም የመሰማትና ይግባኝ የማለት መብት አለው። «ይሰቀል» ያላችሁ ልጆች፣ ነገ የእናንተ ወንድም ዩኒፎርም ለብሶ በሰላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ቢከሰስ ይህንኑ መብት ትፈልጉለታላችሁ።

የዲሲፕሊኑ መንገድ ለብቻው ነው። የወንጀሉ ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 የተጠረጠረን ወይም የተያዘን ሰው በጭካኔ የሚያንገላታ የመንግሥት ሠራተኛ እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። የካሳውም መንገድ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ካሳ ይከፍላል ይላል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ መንግሥትን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። ሕግ የለም የምትሉ ሰዎች ሕጉን ከፍታችሁት ታውቃላችሁ?

አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላው እንደሚሠራ የራሳችን ወገኖች አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤፕሪል መጨረሻ፣ እስራኤል ሆሎን ከተማ ውስጥ፣ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ብስክሌቱን ይዞ ሲሄድ ፖሊሶች ደበደቡት። በአካባቢው የነበረ የጥበቃ ካሜራ ሁሉንም ቀርጾታል። ቪዲዮው ሲወጣ ቤተ እስራኤላውያን ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ላይ አደባባይ ወጡ፤ የአያሎን አውራ ጎዳና ተዘጋ። የፖሊስ አዛዡ ደብዳቢው ፖሊስ ከሥራ እንዲሰናበት አደረጉ። ጁን ላይ ግን የአገሪቱ ዐቃቤ ሕግ የወንጀል መዝገቡን ዘጋው። ሰው ተናደደ፤ መናደዱም ልክ ነው። ቢሆንም ሰውየው ከሥራ እንዲሰናበት ቀድሞ ተወስኖበት ነበር። በወንጀል ያልተገኘው በአስተዳደር በኩል ተገኘ። እዚያ የሰው እማኝ ባይገኝ እንኳ ካሜራው ነበረ። እኛ አደባባይ ላይ የነበርነው ሰዎች ነን።

እሺ፣ ወደዚያ ጠዋት ልመልሳችሁ።

አንድ መርማሪ ማስታወሻ ደብተር ይዞ መጣ። ትሑት ሰው ነው። «ያያችሁ እስቲ ስምና ስልካችሁን ስጡኝ» አለ። ያ ሁሉ ቀራጭ እንደ ጉም በነነ! አንዱ ታክሲ መጣልኝ አለ። አንዷ «እኔ አሁን ነው የደረስኩት» አለች፤ የቀረጸችው ስልክ ገና በእጇ ነው። በመጨረሻ ስም የሰጠነው አራት ሰዎች ነን። እኚያ እናት፣ የሚኒባሱ ረዳት፣ አንድ ተማሪና እኔ።

ከወር በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ምስክር ጠራ። ረዳቱ ሄደ። ግን የሹፌሩ ባልደረባ ስለሆነ ቃሉ ቀለለ። እኚያ እናት ሄዱ። ሁለት ሰዓት በረንዳ ላይ ጠብቀው ያዩትን ተናገሩ። «መልኩን በደንብ ያዩታል ወይ?» ሲባሉ ዓይናቸው እንደሚጋረድባቸው አልደበቁም። የተማሪው ስልክ ዝግ ነበር።

የእኔ ስልክ ክፍት ነበር። አንስቼ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ ልደውል» አልኩ። ስብሰባ አልነበረኝም። ማኪያቶ እየጠጣሁ ነበር። መልሼም አልደወልኩም። በማግስቱ ደግመው ሲደውሉ ጭራሽ አላነሳሁም።

ስለዚህ ሰበቦቻችንን አሳምሬ አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው «የሰው እንጀራ አልዘጋም» ነው። ስንሰማው ደግነት ይመስላል። የፖሊሱ ልጆች እንጀራ ታየን። የሹፌሩስ? ጎኑን ታሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት ተኝቷል። ሚኒባሱ የራሱ አይደለም። በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል፤ ያላስገባበት ቀን ዕዳ ነው። የእሱ ልጆች እንጀራ በእርግጫ ሲዘጋ ቆመን አየን። ቀርጸነዋልም።

ሁለተኛው «ከፖሊስ ጋር ምን አነካካኝ» ነው። ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ሰውኛ ነው። ነግ በእኔ የሚለውን ግን ከእናቶቻችን ሰምተን ነው ያደግነው።

ሦስተኛው «ዞሮ ዞሮ ፖሊስን የሚዳኘው ፖሊስ ነው፣ ምን ሊመጣ» የሚለው ነው። ይሄኛው እውነት አለው። ባልደረባ ባልደረባውን ሲመረምር እጁ መለስለሱ አይቀርም። ግን እዚያ ብቻ አያበቃም። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 210/1992፣ የእንባ ጠባቂ ተቋም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋሙት ለዚህ ለዚህ ነው። አቤቱታ ለማቅረብ ገንዘብ አያስከፍሉም። ጠበቃም አይጠይቁም፤ በቃልም መናገር ይቻላል። እነሱም ግን አቤት የሚልና ያየ ሰው ይፈልጋሉ። ከቲክቶክ ላይ ለቅመው አይፈርዱም።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልምጣ። አባቶቼ፣ በአክብሮት ነው።

ኮሚቴው ምስክር በሚሰማበት ሳምንት ሽማግሌ ወደ ሹፌሩ ቤት ተላከ። የፖሊሱ ሚስት ሕፃን አዝላ አብራ መጣች። ተለቀሰ። «ስለ ልጆቹ ብለህ» ተባለ። ሹፌሩ ልቡ ራራ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር አለ። እስከዚህ ድረስ ቃል የለኝም። ሽምግልናን አልነቅፍም፤ የእኔም ትዳር ሁለት ጊዜ ከመፍረስ የዳነው በሽማግሌ ነው። ነገር የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀት ወጣ። «አልመታኝም። ተገፋፍተን አዳልጦኝ ነው የወደቅኩት» የሚል ተጻፈና ፈርም ተባለ። ፈረመ።

ይሄ ምን ዓይነት እርቅ ነው? በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በተበዳይ ፊት «አጥፍቻለሁ» ይላል። ካሳ ይቆረጣል። ምሕረት የሚመጣው ከዚያ ነው። የታለ ድንጋዩ? ፖሊሱ እዚያ ቤት አልመጣም። «በድያለሁ» አላለም። ይቅርታ የጠየቀችው ምንም ያላጠፋችው ሚስቱ ናት፤ የዋሸው ደግሞ የተመታው ሰው ነው። ሰውየውን አስታርቁ። ኮሚቴ ፊት ሐሰት አታስፈርሙ። ሹፌሩ «መትቶኛል፣ እኔም ሰድቤዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ» ብሎ መፈረም ይችል ነበር። ኮሚቴውም እውነቱን ይዞ ይቅርታውን እንደ ማቅለያ ያየው ነበር።

ውሳኔው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ፖሊሱ ወደ ሌላ ምድብ ተዛወረ። ጉዳዩን የሚያውቅ አንድ ሰው ሳማርርለት ሳቀብኝ። «ተበዳዩ አልተበደልኩም ይላል። ምስክሩ ስልክ አያነሳም። ዋናውን ቪዲዮ ያመጣልን የለም። ታዲያ ሙዚቃ የገባበት ክሊፕ አይተን ማዕረግ እንግፈፍ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሹፌሮችንም ዝም ብዬ አላልፍም። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት የሚውልን ሰው በእናቱ መሳደብ ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ስድብ ጥፊን አይፈቅድም፤ ፖሊስ የሠለጠነውም ስድብ ሰምቶ እጁን እንዲሰበስብ ነው። ይህን ማለቴ ግን ተሳዳቢውን አያነጻውም። መኪና ያላችሁ ደግሞ «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ማለታችሁን ተዉ። መንጃ ፈቃድ ውስጥ ብር አጥፎ ማቀበሉንም እንዲሁ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ተቀባዩን ብቻ አይደለም የሚቀጣው፤ ሰጪውንም ነው። ጠዋት በመቶ ብር የገዛችሁት ፖሊስ ማታ ሕግ እንዲያከብርላችሁ ትጠብቃላችሁ?

በሚቀጥለው ጊዜ፣ መቼም አይቀርም፣ እንዲህ እናድርግ። ከቀረጻችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅረጹ፤ ስድቡንም ጭምር። ሳትቆርጡ፣ ሙዚቃ ሳትከቱ ዋናውን አስቀምጡ። ፖሊሱ ደረቱ ላይ ስሙ ካለ አንብቡት። ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። የተመታውን ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ከሳምንት በኋላ የመጣ የሕክምና ማስረጃ ብዙ ጥያቄ ያስነሳል። አቤቱታ ስታስገቡ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉ፣ የመዝገብ ቁጥር ያዙ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ «የትኛው?» ይባላል። ስም ስጡ ስትባሉም ስጡ። ሲደወል አንሱ።

ሰሞኑን ያንን ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ጋቢና ቦታ ስላገኘሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ አየት አደረገኝና አወቀኝ። ጥቂት ዝም ብለን ሄድን። ከመብራቱ ስንደርስ፣ ፊቱን ሳያዞር፣

«ጋሼ፣ ያኔ ለመርማሪው የሰጠኸው ስልክ አሁንም ይሠራል?» አለኝ።

«ይሠራል» አልኩት።

«እኔ ደግሞ ተሳስተህ የሌላ ሰው ቁጥር የሰጠኸው መስሎኝ ነበር።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ረዳቱ ከኋላ «ሒሳብ!» አለ። ከፈልኩ።