«ወደዚያ እንመለስበታለን»

ጥልቅ ውይይት ይሉታል፣ ይህን የቃለ መጠይቅ ዝግጅት። ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የሚፈጅ! እሁድ ከሰዓት በኋላ ቡናዬን አስፈልቼ ተቀመጥሁ። እንግዳው በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ የዘመቱ አዛውንት ናቸው። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር የወጡበት፣ በዚያው ዓመት የካቲት 25 የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ ለገበሬው ያስረዱበት ዘመቻ። ከዚያ ትውልድ ስንቱ በቀይ ሽብር አለቀ፣ ስንቱ በስደት ቀረ! የተረፈውን አግኝቶ ማናገር ዕድል ነው።

ጠያቂው ግን አስቀድሞ አሥራ አምስት ደቂቃ የራሱን ትንታኔ ደረደረ። ጥያቄ መስሎኝ ስጠብቅ ለካ ንግግር ኖሯል። አዛውንቱ በመጨረሻ ተራ ደርሷቸው፣ «ባላባቱ ጠመንጃውን ይዞ ሲመጣ ገበሬው ምን እንዳደረገ ታውቃለህ ልጄ?» ብለው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ «ወደዚያ እንመለስበታለን» ብሎ ስለ ሰሞኑ የፓርቲዎች መግለጫ ጠየቃቸው። መግለጫውን እኮ ሁላችንም አንብበነዋል! ቡናው ከአቦል ቶና፣ ከቶና በረካ ደረሰ፤ እሱ አልተመለሰበትም።

ባህል ደግሞ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ አምስት ደቂቃ ናት። «እስቲ ለመሰናበቻ አንድ ቅኔ ይበሉን!» አላቸው ጠያቂው፤ አዛውንቱም አሉ፤ ግሩም ነበር። ሰሙን ከወርቁ ሊለዩልን ሲጀምሩ የመዝጊያው ሙዚቃ ገባባቸው።

ገበሬው ምን እንዳደረገ እስካሁን አላወቅሁም።