«አምስት በመቶ» ተብሎ ይሳቃል እንዴ?

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይሩ የናኖ ሴሚኮንዳክተሮች (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ከሚለኩ ቅንጣቶች የሚሠሩ፣ ኤሌክትሪክ በከፊል የሚያሳልፉ ቁሶች) ላይ ተማሪዎች ያቀረቡት የምርምር ገንዘብ ጥያቄ ተነሳ። አንድ ኃላፊ «ግድቡን የሚያህል ነገር ይዘን ከሙቀቱ አምስት በመቶውን ብቻ ኤሌክትሪክ አድርጋ ለምትሰጥ መጫወቻ ብር አናወጣም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ።

መጫወቻ? የናሳ መንኮራኩር ቮዬጀር እ.ኤ.አ. በ1977 ተነስታ ይኸው ከፀሐይ የሚነፍሰው የቅንጣት ነፋስ ከሚደርስበት ክልል አልፋ ድምጿን የምታሰማው በምን ሆነና ነው? የፕሉቶኒየም ሙቀት በሴሚኮንዳክተር ወደ ኤሌክትሪክ እየተቀየረላት ነው። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ዘይት ቀይሩልኝ አይልም።

ግን ያበገነኝ አምስት በመቶዋ ናት። የምን አምስት በመቶ? ለዚሁ ብለን ናፍጣ የምናቃጥል ቢሆን ትንሽ ነው፣ እሺ። እዚህ ግን የሚሰላው ከሚጣል ሙቀት ላይ ነው እኮ! መብራት ሲጠፋ ፒያሳ ወረድ በሉ፤ በየሱቁ በር ጄኔሬተር ያጓራል፣ ማርሚታው አጠገብ የቆመ ሰው ሱሪው እስኪጠበስ ይፋጃል። ከናፍጣው ጉልበት ኤሌክትሪክ የሚሆነው ቢበዛ ሲሶው ነው። የቀረው በጭስና በሞተሩ ሙቀት ይሄዳል፣ ባለሱቁ ግን የከፈለው ለሁሉም ነው። ከሚጣለው ላይ ትንሽ ብትመልሱለት ተጨማሪ ጠብታ ናፍጣ አልገዛም። የዳቦ ቤቱ ምድጃም ያው ነው፤ የሲሚንቶና የብረት ፋብሪካውማ አይወራ። ይኼን በመቶኛ መናቅ፣ ጣሪያዬ የሚይዘው ዝናብ ጥቂት ነው ብሎ በርሜሉን እንደ መድፋት ነው። ግድቡስ? ኩራታችን ነው፣ ማን ካደ። ታዲያ 5,150 ሜጋዋት ይዘን ፒያሳ ጄኔሬተር ምን ይሠራል?

ደግሞ አምስት በመቶ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም። የሚፈለገው ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያሳልፍ፣ ሙቀት ግን የሚያግድ ቁስ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አብረው መሄድ ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ በሚገኘው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሂክስና ሚልድረድ ድሬስልሃውስ ቁሱን ወደ ናኖ ማውረድ መላ እንደሚሆን በስሌት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት 1 አካባቢ ተቸክሎ የነበረው የቢስመዝ ቴሉራይድ (ለዚሁ ሥራ የታወቀው ሴሚኮንዳክተር) ቤተሰብ የብቃት መለኪያ 1.4 ደረሰ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ከሙቀቱ ኤሌክትሪክ የሚሆነው ይበዛል። እንዴት? ቁሱን እስከ ናኖ ቅንጣት ፈጭተው፣ በሙቀት መልሰው ጠቀጠቁት። ሙቀት ተሸካሚው ንዝረት በየቅንጣቱ ድንበር ይደናቀፋል፣ ኤሌክትሮኑ ግን ብዙም ሳይቸገር ያልፋል። በቃ። ወፍጮና መጭመቂያ! የቺፕ ፋብሪካ ትከሉ ያለ ሰው የለም።

አምስት ኪሎ ያሉት ልጆች የጠየቁትም ይኼንኑ ነው፤ ወፍጮ፣ መጭመቂያና የመለኪያ ዕቃ። የዚያ ቀን ምሳና አበል ቢደመር ከዚህ እንደሚበልጥ እኔ በበኩሌ አልጠራጠርም።