ለቃል ሰንጣቂዎቻችን ምስጋና

ቃልን በየፊደሉ ሰንጥቀው፣ እያንዳንዱ ፊደል የሌላ ቃል መነሻ ነው እያሉ ሰም በሌለበት ወርቅ ለሚያወጡልን ሊቃውንት ምስጋና ይድረስ። እነሱ ባይኖሩ የእንግሊዝኛው «ኒውስ» (ዜና) ከሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብና ደቡብ የእንግሊዝኛ ስሞች መነሻ ፊደላት መገጣጠሙን ማን ይነግረን ነበር? «ኒው» አዲስ ነው፣ «ኒውስ» አዳዲስ ነገር። ግን ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ ለሻይ ጨዋታ አይሆንም።

ቁንጮው ሥራቸው የእንግሊዝኛው «ፖሽ» ነው፤ ቅንጡ፣ የሀብታም ወግ ያለው ማለት። ከእንግሊዝ ወደ ሕንድ ሲኬድ የመርከቡ ግራ ሰሜን ነውና ፀሐይ አያገኘውም፤ ሲመለስ ጥላው ወደ ቀኝ ይዞራል። ስለዚህ ባለጸጋው «ፖርት አውት፣ ስታርቦርድ ሆም»፣ ማለትም ሲሄድ በግራ ሲመለስ በቀኝ፣ የሚል ማኅተም ቲኬቱ ላይ ይመታለት ነበር አሉ። የአራቱ ቃላት መነሻ ፊደል ሲገጣጠም፣ ፖሽ! ቀይ ባሕር ላይ መርከቡ ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው፣ ግራው የጠዋት ፀሐይ ይቀበላል የሚል ነገረኛ ካለ ዝም ይበል። ማኅተሙ ያለበት ቲኬትም እስከ ዛሬ አንድም አልተገኘ፤ ሀብታሞቹ በልተውት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ የወጣ የእንግሊዝኛ የአራዳ ቋንቋ መዝገበ ቃላት «ፖሽ»ን ገንዘብና ዘናጭ ሰው ብሎ ፈቶታል። ጂፕሲ እየተባሉ ከሚጠሩት የሮማ ሕዝቦች ቋንቋ «ግማሽ» ከሚለው ቃል፣ በእንግሊዞች ሳንቲም በግማሽ ፔኒ በኩል የመጣ ነው የሚል ግምትም አለ። ቅንጦት ከግማሽ ሳንቲም? እንዲህ ያለ ወሬ ማን ያጋራል!

ሙያውን ለሚሹ፦ ሦስት ወይም አራት ፊደል ያለው ቃል ምረጡ፤ ከዚያ ካለፈ ትረካው ይንዛዛል። መርከብ፣ ንጉሥ ወይም በር ላይ የተሰቀለ ማስታወቂያ ጨምሩበት። መዝገበ ቃላት አትክፈቱ።

ትረካው የሚበላሸው የዘመን ስሌት ላይ ነው። ከመነሻ ፊደላት ቃል መቀመም የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ እንደ ራዳር (በሬዲዮ ሞገድ የሩቅ ነገር መፈለጊያ መሣሪያ) ካሉት ቃላት ጋር ነው። «ጎልፍ» ግን በእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላቱ «ለወንዶች ብቻ፣ ሴቶች ክልክል» ማለት ነው ተብሎልናል። የስኮትላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1457 ጨዋታውን በስሙ ጠርቶ ሲያግድ የተቆጣው በወንዶቹ ነበር፤ የቀስት ልምምድ ዘነጉ ብሎ።

አሁን ተራው የ«ፈረንጅ» ነው። ከ«ፍራንክ» በዓረቦች በኩል መጣ የሚለውን አሰልቺ ወሬ ተዉትና አራቱን ፊደል ሰንጥቁልን። መርከቧን ብቻ አትርሱ።